አባቴን ኪቦርድ እንዲገዛልኝ እንዴት ላሳምነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 16 ዓመቴ ነው። አባቴን ኪቦርድ ግዛልኝ ባልኩት ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «ጊታሩስ?» ከሁለት ዓመት በፊት ነዝንዤ አስገዛሁትና በሁለት ወር ተውኩት። ይኸው ቁም ሳጥኑ ላይ ተጋድሟል፣ አንድ ክሩ ተበጥሶ። እውነቱን ለመናገር ጣቴን ስላመመኝ ነው። እናቴ ደግሞ ጩኸቱን ትፈራለች። አሁን ግን የምሬን ነው። ካርቶን ላይ ቁልፎቹን ስዬ ጣቴን እያለማመድኩ ነው (አትሳቁብኝ)። ምን ብላቸው ይሻላል?

መልስ 1፦
እኔ ካባትህ ወገን ነኝ፣ የልጅ አባት ስለሆንኩ። የሚያናድደን ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው አቧራ ሲጠጣ በየቀኑ ማየቱ ነው። ልጄ ቫዮሊን ስትለኝ እንቢ አልኳት። አልተከራከረችም። ከጓደኛዋ ተውሳ መጣች። ማታ ማታ በሯን ዘግታ ያችኑ አንድ መስመር ትደጋግማለች፤ መጀመሪያ ላይ በር ሲጥ ሲጥ ሲል ነበር የሚመስለው። አንድ ማታ ቤቱ ጭር ሲል «ዛሬ ምነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ያኔ መሸነፌ ገባኝ። እና ካርቶኑን ደብቀህ አትለማመድ፤ ሳሎን አምጣው።

መልስ 2፦
የብረት ክር ጀማሪን ሁሉ ያማል። ጥቂት ሳምንት ብትታገስ የጣትህ ጫፍ ይጠነክር ነበር። ይሄን ለአባትህ ንገረው፣ ሰነፍ ብቻ እንዳትመስለው። ከዚያ ክሩን ቀይርና ጊታሩን ሽጠው። ባዶ እጅህን አትጠይቅ።

መልስ 3፦
የእናትህ ጉዳይ ቀላል ነው፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ያለው ይሁን። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፣ ለጀማሪ ግን 61 ይበቃል። በቀስታ ስትነካው ለስለስ፣ ጫን ስትለው ጠንከር የሚል መሆኑን እይ፤ እሱ ከሌለው እጅህ አጉል ይለምዳል። ያገለገለ ከሆነ እያንዳንዷን ቁልፍ ነክተህ ሞክር። እኔ ቸኩዬ ገዝቼ አንዷ «ፋ» ዝም ያለች መሆኗን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ነው።

ጠያቂው፦
ጊታሩን አወረድኩት። አባቴ አየኝና «ምን ልታደርገው ነው?» አለኝ። «ልሸጠው፣ ለኪቦርዱ» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «መጀመሪያ አቧራውን ጥረገው» አለ። ይሄ እሺ ነው እንቢ?