ለቤት ውስጥ ሎሽን የትኛው ኢመልሲፋየርና የትኛው ዘይት ይሻላል?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ አየሩ ከጥቅምት ጀምሮ በሚደርቅበት ወቅት ለቤተሰቤ የሚሆን ሎሽን አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ ለማዘጋጀት አስቤአለሁ። በእጄ ያሉት የተጣራ የንብ ሰም፣ የኑግ ዘይት፣ የጉሎ ዘይትና ከጋምቤላ የመጣ የሺአ ቅቤ ናቸው። ውሃውና ዘይቱ እንዳይለያዩ ሰሙ ብቻውን ይበቃል ወይ? ከዘይቶቹስ ለደረቅ ቆዳ የሚስማማው የትኛው ነው?

መልስ፣ ቅባትና ሳሙና ከምታመርት አባል፦
እህታችን፣ የንብ ሰም ቅባትን ያጠነክራል እንጂ ብቻውን ውሃንና ዘይትን አዋህዶ አያቆይም። ኢመልሲፋየር ማለት አንዱ ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ጫፉ ዘይትን የሚስብ፣ ስለዚህም ጥቃቅኖቹን የዘይት ጠብታዎች ከብቦ መልሰው እንዳይገጣጠሙ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ነው። ሰሙ ይህን ጠባይ የሚያገኘው ቦራክስ ከሚባለው የቦሮን ጨው ጋር ሲሆን ነው፤ ቦራክስን ግን፣ በተለይ ልጆች በሚቀቡት ነገር ውስጥ፣ ፈጽሞ አልመክርም። ለጀማሪ የማይከዳው የሴቴሪል አልኮልና (ሰም መሰል ነገር ነው) የፖሊሶርቤት 60 (ውሃንና ዘይትን የሚያዋህድ ነው) ድብልቅ የሆነው ኢመልሲፋይንግ ዋክስ ሲሆን፣ መጠኑም የዘይቱን ክብደት ሩብ ያህል ነው። ፖሊሶርቤት በፋብሪካ የሚሠራ ስለሆነ ካልወደዱት፣ ከወይራ ዘይት የሚገኘውን ኦሊቬም 1000 ይጠቀሙ፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ቆዳ ላይ የሚተወው ልስላሴ ያስደስታል።

መልስ፣ ከጎንደር፦
ስለ ዘይቶቹ ልጨምር። የኑግ ዘይት ሊኖሌይክ አሲድ በሚባል የቅባት አሲድ የበለጸገ፣ ቀላልና ቶሎ የሚሰርጽ ቢሆንም፣ በዚያው ምክንያት አየር ሲነካው ፈጥኖ ይበላሻል፣ ሽታውም ይለወጣል፤ ስለዚህ ትኩስ የተጨመቀውን በትንሹ ይጠቀሙ። እኔ ዋናውን ቦታ የምሰጠው ለሰሊጥ ዘይት ነው፤ በውስጡ ያሉት ሰሳሞልን የመሰሉ ንጥረ ነገሮች ከዚህ ብልሽት ይጠብቁታልና። የጉሎ ዘይት ወፍራምና የሚያጣብቅ ስለሆነ ከጠቅላላው 2 ወይም 3 በመቶ አይለፍ። የሺአ ቅቤው ለተሰነጠቀ ተረከዝና ለክርን እጅግ ጥሩ ነው፤ ቀልጦ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ግን አሸዋ የመሰለ እንክብል ስለሚያወጣ፣ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ቶሎ ያብርዱት።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለ100 ግራም ልኩን ብትነግሩኝ? ቫይታሚን ኢ ብጨምርስ ከብልሽት ይጠብቀዋል?

መልስ፣ ከፋርማሲ ባለሙያ፦
ቫይታሚን ኢ ዘይቱ አየር ነክቶት ሽታው እንዳይለወጥ ያግዛል፤ ባክቴሪያንና ሻጋታን ግን አይከላከልም። ውሃ ያለበት ሎሽን ሁሉ ፕሪዘርቬቲቭ፣ ማለትም ጀርም እንዳይራባበት የሚከላከል ንጥረ ነገር፣ ያስፈልገዋል፤ ሎሽኑ ገና ሽታውም መልኩም ሳይለወጥ በጀርሞች ሊሞላ ስለሚችል በዓይን አይተው በመፍረድ አይተማመኑ። ልኩ የሚከተለው ነው፦ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ 70 ግራም፣ ግሊሰሪን 3፣ ኢመልሲፋይንግ ዋክስ 6፣ ሴቲል አልኮል (ሎሽኑን የሚያወፍር ሰም መሰል ነገር) 2፣ የሺአ ቅቤ 5፣ የሰሊጥ ዘይት 13፣ ፌኖክሲኤታኖል ያለበት ፕሪዘርቬቲቭ 1። በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ይለኩ። ውሃውን ከግሊሰሪን ጋር፣ ዘይቶቹን ከሰሞቹ ጋር ለየብቻ እስከ 70 ወይም 75 ዲግሪ ሴልሲየስ ያሙቁ፤ ሙቀታቸው ሲመጣጠን ደባልቀው በእጅ ብሌንደር ይምቱት። ፕሪዘርቬቲቩን ከ40 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይጨምሩ። ማሰሮዎቹንና ጠርሙሶቹን አስቀድመው በአልኮል ያጽዱ፤ ለመላው ቤተሰብ ከማደልዎ በፊትም በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብተው 24 ሰዓት ይጠብቁ።