ክርክር፦ «የወንዝ ዶልፊኖች» የሚለው ሳጥን ይቆይ ወይስ ይፍረስ?

አስተባባሪ፦ ለድሬዳዋ ተማሪዎች የሚሰቀለው የአጥቢ እንስሳት ሰንጠረዥ ረቂቅ የጋንጅስን፣ የአማዞንን (ቦቶ) እና የያንግትዜን (ባይጂ) ዶልፊኖች በአንድ ሳጥን አስቀምጧል። በሳንባ ይተነፍሳሉ፣ ልጃቸውን ያጠባሉ፤ አጥቢነታቸው አያከራክርም። ጥያቄው ሳጥኑ ይታተም ወይ ነው። ተከራካሪዎቹ በድሬዳዋ ሰፈሮቻቸው ስም ይጠራሉ።

የከዚራው መምህር፦ ይታተም። አንባቢው የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነው፤ በዓይኑ የሚለየው ነገር ይፈልጋል። ሦስቱም ረጅም ቀጭን አፍ፣ ትንንሽ ዓይንና የሚታጠፍ አንገት አላቸው። 7ቱ የአንገት አጥንቶቻቸው አልተጣበቁም፤ ብዙዎቹ የባሕር ዶልፊኖች ግን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተጣብቀውባቸዋል። ይህን ያየ ልጅ አይረሳውም። የዘረመሉ ነገር በኋላ ይደርስበታል።

የሳቢያኗ፦ አቦ መምህር፣ በመልክማ ከሄድን የሌሊት ወፍንም ከርግብ ጋር እናስቀምጣት! ቦቶ ከጋንጅሱ ዶልፊን ይልቅ ለኦርካ፣ ለትልቁ የባሕር ዶልፊን፣ ይቀርባል። የጋንጅሱ ሐረግ ከሌሎቹ የተነጠለው ገና ድሮ ነው፤ ባይጂና ቦቶ የባሕር ዶልፊኖች ባሉበት ትልቅ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው። ያመሳሰላቸው ደፍራሽ ውኃና ጠባብ መተላለፊያ ነው። እስቲ ሳጥኑን ሞክሩት፦ ፍራንሲስካና የቦቶ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ሳለ ከብራዚል እስከ አርጀንቲና ባለው ጠረፍ በባሕር ይኖራል። ቱኩሺ አማዞን ውስጥ ከቦቶ ጎን እየዋኘ ከባሕር ዶልፊኖች ቤተሰብ ነው። ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል?

የከዚራው መምህር፦ ልጁ ልዩነቱን በምን ይየው ታዲያ?

የሳቢያኗ፦ በአካሉ። የጋንጅሱ ዓይን ሌንስ የለውም፤ ብርሃንና ጨለማ ቢለይ ነው። ብዙ ጊዜ በጎኑ እየዋኘ የወንዙን ወለል በክንፉ ይዳስሳል። ቦቶ ግን ያያል፤ የኋላ ጥርሶቹም መፍጫ ስለሆኑ ሸርጣን ይሰባብርባቸዋል። ሁለት ሥዕል ይበቃል።

የመጋላው የእንስሳት ሐኪም፦ ሳጥኑን ስታፈርሱ የጥበቃው መልእክት አብሮ እንዳይፈርስ። ባይጂን እ.ኤ.አ. በ2006 ያንግትዜ ላይ ፈልገው አንድም አላገኙም። ሰው የሚደነግጠው «የወንዝ ዶልፊን እያለቀ ነው» ሲባል ነው።

የሳቢያኗ፦ አደጋቸውም እኮ አንድ አይደለም። የጋንጅሱ የቅርብ ዘመድ የሆነው የኢንደሱ ዶልፊን ፓኪስታን ውስጥ በሱኩር ግድብ በኩል ወደ መስኖ ቦይ ይገባል፤ ቦዩ ለጥገና ሲዘጋ ውኃው ይጎድልና እዚያው ይቀራል፤ በመረብ አውጥቶ ወደ ወንዙ መመለስ ግድ ይሆናል። አማዞን ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በቴፌ ሐይቅ ከ100 በላይ ዶልፊኖች ሞቱ፤ በድርቁ የሐይቁ ሙቀት ከ39 ዲግሪ አልፎ ነበር። ለአንዱ የግድቡ በር አከፋፈት መላ ነው፣ ለሌላው የውኃ ሙቀት።

የመጋላው የእንስሳት ሐኪም፦ ስታጓጉዘው ቆዳውን በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍናለህ፣ አናቱ ላይ ያለውን መተንፈሻ ግን በፍጹም አትሸፍንም። ይህ ለሁሉም አንድ ነው፤ እሱስ ይጻፍ።

የለገሀሬው፦ እናንተ በሳጥን ስትጣሉ ረቂቁ የባሰ ስህተት ይዟል። ከጉማሬ ወደ ዓሣ ነባሪ ቀስት ተሥሏል፤ ዶልፊንም ከዓሣ ነባሪ ወገን ነው። የአዋሹ ጉማሬ የዶልፊን ቅድመ አያት አይደለም፤ የአጎት ልጅ ነው። ሁለቱ መስመሮች ከአንድ መገንጠያ ይውጡ። ማስረጃው ደግሞ ሥጋ ቤት ይገኛል፤ ፍየል ከጉማሬ ጋር አንድ ወገን ናት፣ አህያ ግን አይደለችም፦ የፍየል የኋላ እግር የቁርጭምጭሚት አጥንት ላይና ታች እንደ መዘውር ነው። የአህያው ላይኛው ጫፍ ብቻ መዘውር አለው። ፓኪስታን ውስጥ የተገኙ እግር የነበራቸው የጥንት ዓሣ ነባሪዎች እንደ ፍየሉ ሁለቱንም ጫፍ ይዘው ተገኝተዋል፤ ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከሰንጠረዡ ጎን አጥንቱ ይቀመጥ።

የከዚራው መምህር፦ አጥንቱ በድሬ ሙቀት አይሸትም?

የለገሀሬው፦ ስቡ ካልወጣ ይሸታል፣ ቢጫም ይሆናል። ሳይንተከተክ በለስላሳ እሳት 2 ወይም 3 ሰዓት ይቀቀል፤ ሥጋው በጥርስ ብሩሽ ይፈግፈግ። ከዚያ ሞቅ ባለ ውኃና ፈሳሽ ሳሙና ይዘፍዘፍ፤ ስብ መንሳፈፉ እስኪያቆም ውኃው ይቀየር። ማንጫው ከፋርማሲ የሚገዛው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። በረኪና አጥንቱን ስለሚበላው ውሎ አድሮ ይፈረፈራል።

የከዚራው መምህር፦ እሺ፣ ሳጥኑ ይውጣ። ግን በየቅርንጫፉ ላይ በወንዝ የሚኖሩት ሰማያዊ ይቀቡ፤ የእኔ ልጅ የሚፈልገውን እዚያው ያገኛል።

የመጋላው የእንስሳት ሐኪም፦ የኢራዋዲ ዶልፊንስ? ሜኮንግ ወንዝ ውስጥም አለ፣ ባሕር ዳርቻም አለ።

የከዚራው መምህር፦ ባለ ሰማያዊ ጭረት።

የሳቢያኗ፦ ከሥሩ «ቀለሙ መኖሪያን እንጂ ዝምድናን አያሳይም» የሚል ካልታተመ አልስማማም።