ሞተሩ ሞቀ፣ ከጭስ ማውጫው ውሃ አይወጣም፣ ቶቤጎ ኪስ ላይ ነኝ፣ ቶሎ እርዱኝ!!

ባለሸራው፦
ሰላም ወገኖች ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የሸራ ጀልባዬን ሞተር አስነሳሁት፣ አምስት ደቂቃ እንኳን ሳይሞላው አላርሙ ጮኸ፣ ከኋላ ነጭ ጭስ ይወጣል ውሃ ግን የለም። አጠፋሁት። ሲቀዘቅዝ የኩላንቱን፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሹን፣ ክዳን ከፍቼ ሞላሁ፣ ትንሽ ነበር የጎደለው፣ እንደገና አስነሳሁት፣ ያው ነው። ኢምፔለሩ፣ የባሕር ውሃ ፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለክንፍ ጎማ፣ አዲስ ነው ስለዚህ እሱን እንዳትሉኝ። የሙቀት መቆጣጠሪያው፣ ቴርሞስታቱ ይመስለኛል። ነገ ነፋሱ 25 ኖት (በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይደርሳል ይላል፣ ከፊቴ ሪፍ (ውሃ ውስጥ ያለ የኮራል ድንጋይ) ከኋላዬ ደሴት ነው፣ ሳይመሽ ዩኒየን ደሴት ክሊፍተን መግባት አለብኝ። ቴርሞስታቱን አውጥቼ አንድ ሰዓት ብቻ ብነዳው ምን ይሆናል?? በናታችሁ ቶሎ

መርካቶ ጋራዥ፦
አውጥተህ ጣለው ወንድሜ ምንም አይሆንም። እኔ 19 ዓመት ሚኒባስ ሠርቻለሁ፣ ቴርሞስታት ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነገር ነው። ቺንጊያውንም እየው፣ ላልቶ ይሆናል

ስንቅነሽ ዱባይ፦
ቶቤጎ ኪስ? የማን ኪስ ነው ደሞ እሱ ሃሃሃሃ። ይቅርታ ወንድሜ ጭንቀትህ ገብቶኛል ግን አሳቀኝ። ካርታ ላይ ሳየው ካሪቢያን ነው፣ ግሬናዳና ሴንት ቪንሰንት መሃል። እዛ ድረስ ሀበሻ ምን ሊሠራ ሄደ? እግዜር ያውጣህ ብቻ

ጣና ዳር፦
ኢምፔለሩን ቀይረው

ባለሸራው፦
አዲስ ነው አልኩ እኮ!!! ሁለት ወር አይሞላውም፣ ግሬናዳ ነው ያስቀየርኩት

የምጽዋው፦
ልጄ ረጋ በል። ባሕር ላይ የሚቸኩል ሰው ሁለቴ ይሠራል። እኔ በጃንሆይም በደርግም ጊዜ ባሕር ኃይል ውስጥ ምጽዋ የሞተር ክፍል ሰው ነበርኩ። የኛን አለቆች ኖርዌጂያኖች ናቸው ያሠለጠኗቸው፣ እነሱ ደሞ አንድ ነገር ደጋግመው ይሉ ነበር ብለው አለቆቻችን ይነግሩን ነበር፣ ሞተር ከመክፈትህ በፊት አየው፣ ስማው፣ ንካው። የዛሬ ልጆች መጀመሪያ የምትይዙት ካቻቢቴ ነው። ቀይ ባሕር ደሞ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ በሐምሌና በነሐሴ ውሃው ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይሆናል፣ የሞተር ክፍሉ ውስጥ ሸሚዝ ለብሰን ውለን አናውቅም። ጭስን ማንበብ ተማር። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በደንብ አልነደደም ወይም ጭነት በዝቶበታል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ነጭ ሆኖ ወዲያው አየር ላይ የሚጠፋ ከሆነ እንፋሎት ነው፣ የሚገባው ውሃ አንሶ ያለችው ጠብታ እየፈላች ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ እኛን ሞተር ያቆመን ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የባሕር ጄሊ፣ ያ ዝልግልግ የባሕር እንስሳ። የውሃ መግቢያውን ሞላው። ግማሽ ቀን ፓምፕ ፈታን ገጠምን፣ ፓምፑ ምንም አልነበረውም። ያኔ የነበሩት ጓደኞቼ ግማሾቹ ዛሬ የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማር። ምጽዋን ሳስታውስ ብዙ እናገራለሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።

መርካቶ ጋራዥ፦
ጋሼ ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ሰውዬው ግን እየጨለመበት ነው

ሸራና ነፋስ፦
እኔ ደሞ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ያለህ የሸራ ጀልባ ነው ወይስ ላዳ? ሞተር ከሌለ መሄድ አልችልም የሚል ሸራ ነጂ ሳይ ይገርመኛል። ነፋሱ ከምሥራቅ ነው፣ ዩኒየን ከአንተ ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው፣ ነፋሱን ከኋላ ይዘህ አምስት ማይል ገደማ ነው፣ ፊት ሸራዋን ብቻ ከፍተህ ትደርሳለህ

ባለሸራው፦
አንተ ሶፋ ላይ ሆነህ ቀላል ነው። በፔቲ ራሞና በፔቲ ባቶ ደሴቶች መሃል ያለው መውጫ ጠባብ ነው፣ ጀልባ ሞልቶታል፣ ባለቤቴ ጋ ሁለታችን ብቻ ነን። ክሊፍተን ደሞ ወደቡ መሃል ላይ ሪፍ አለ

ሸራና ነፋስ፦
ሶፋ ላይ አይደለሁም፣ ማርቲኒክ መልህቅ ላይ ነኝ፣ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። እሺ በሸራ መውጣት ካልለመድክ አትውጣ፣ ልክ ነህ። ግን ማን ነው ውጣ ያለህ? ፊትህ ያለው ሆርስሹ ሪፍ ማዕበሉን ይሰብርልሃል፣ ነፋሱን አያቆምም እንጂ ውሃው አይነሳብህም። ሥሩ ነጭ አሸዋ ነው፣ መልህቅ ይይዛል። 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሆንክ ከጀልባህ አፍንጫ እስከ ውሃው 1 ሜትር ተኩል ጨምር፣ አራት ተኩል፣ በሰባት ስታባዛው 31 ሜትር ተኩል ሰንሰለት። ኋላህ ቦታ ካለ 40 ልቀቅ። ናይለን ገመድ እሰርበት እንዳይመነጭቅህ። ከዛ ጭንብልህን አድርገህ ዋኝተህ መልህቁን በዓይንህ እየው፣ ተቀብሯል ወይስ ተኝቷል። ሰው በ25 ኖት አይሞትም፣ በታመመ ሞተር ጠባብ ቦታ መሃል ሲቆምበት ነው የሚሞተው። ግድ መሄድ ካለብህም ክሊፍተን ሳይሆን ከዩኒየን በስተምዕራብ ያለው ቻተም ቤይ ግባ፣ ሰፊ ነው፣ ከነፋሱ የተከለለ ነው፣ በሸራ ገብተህ መልህቅ ትጥላለህ። ክሊፍተንን ለጉምሩክ በኋላ በእግርህ ትሄዳለህ

ጣና ዳር፦
ኢምፔለር ነው እያልኩህ ነው። አዲስም ይቆረጣል

ዘይትና ጨው፦
ሰላም፣ ባሕር ዳር ማሪታይም ነው የተማርኩት፣ አሁን ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ሦስተኛ ኢንጂነር ነኝ፣ ፈረቃዬን አሁን ስለጨረስኩ ነው ያየሁት። መጀመሪያ በፍጹም እንዳትነዳው። ጀልባህ ውስጥ ሁለት የተለያየ ውሃ ነው ያለው። አንዱ ኩላንቱ ነው፣ ሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል፣ ቴርሞስታት የሚያዘው እሱን ነው። ሌላው የባሕር ውሃ ነው፣ ከጀልባው ሆድ ቫልቭ ገብቶ በማጣሪያው ያልፍና ኢምፔለሩ ገፍቶት ኩላንቱን አቀዝቅዞ ከጭሱ ጋር ተደባልቆ በጀልባው ኋላ በኩል ይወጣል። ከኋላ ውሃ ከሌለ ችግሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ቴርሞስታቱን ብትጥለው ባሕሩን አይጠራልህም። ማርሚታህ ፕላስቲክ ይመስለኛል፣ ከሱ በኋላ ያለው ቱቦ ደሞ ጎማ ነው፣ የሚያቀዘቅዛቸው ያው ውሃ ነው፣ አንድ ሰዓት ብትነዳ ከሞተሩ በፊት እነሱ ይቀልጣሉ፣ ከዛ ጭሱ ወደ መኝታህ ነው የሚገባው።
አሁን ንገረኝ፣ ማጣሪያውን ከፍተህ አየህ? ቫልቩ ክፍት ነው? ከመቆሙ በፊት የት ነበርክ?

መርካቶ ጋራዥ፦
ሞተር ሞተር ነው ወንድሜ። እኔ ስንቱን ያለ ቴርሞስታት ናዝሬት ልኬዋለሁ

ዘይትና ጨው፦
ሚኒባስ ፊቱ ላይ ነፋስ የሚያገኝ ራዲያተር አለው። የሱ ራዲያተር ባሕሩ ነው፣ ባሕሩ ደሞ እየገባ አይደለም

ባለሸራው፦
ማጣሪያው ንጹህ ነው፣ አየሁት። ቫልቩ ክፍት ነው። የት ነበርኩ ማለት ምን ማለት ነው፣ ከቤኪያ ደሴት ነው የመጣሁት በቃ

የባለሸራው ሚስት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እኔ ባለቤቱ ነኝ። እሱ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ትናንት ከቤኪያ ስንመጣ ነፋሱ ቀንሶ ስለነበር በሞተር ነው የመጣነው፣ ሜሮ ደሴት ልንደርስ ስንል ቡናማው የባሕር አረም፣ ሳርጋሰም የሚሉት፣ ሜዳ የሚያክል ተነጥፎ ነበር። እንዙርበት አልኩት፣ ሰዓት ይፈጅብናል አለና በመሃሉ ሰንጥቆ ገባ። ከዛ በኋላ ነው ድምፁ የተለወጠው። ብያለሁ።

ስንቅነሽ ዱባይ፦
ሃሃሃሃሃ ብያለሁ አለች! እቴ ገደልሽኝ። እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፣ ጀልባ ላይ እንጀራ እንዴት ነው የምትጋግሩት? ሊጡ አይደፋም?

የምጽዋው፦
እኔስ ምን አልኩ? ጄሊ አላልኩም?

ዘይትና ጨው፦
ጋሼ ብለዋል፣ ልክ ነዎት። እህቴ እግዜር ይስጥሽ፣ ከሁላችንም የረዳሽው አንቺ ነሽ።
ወንድሜ ስማኝ። ማጣሪያው ንጹህ ሆኖ ውሃ ከሌለ አረሙ ማጣሪያው ጋ አልደረሰም፣ ከቫልቩ በታች መግቢያው አፍ ላይ ተጎልቷል። ቫልቩን ዝጋ። ከቫልቩ ወደ ማጣሪያ የሚሄደውን ቱቦ ፋሸታውን (ማሰሪያውን) አላልተህ ንቀለው። የእንጨት ውታፍ አጠገብህ አስቀምጥ፣ ቫልቩ ቢሰበር ለመወተፍ። አሁን ቫልቩን ቀስ ብለህ ክፈት። ፏ ብሎ ወደ ጀልባው ከገባ መግቢያው ደህና ነው፣ ቶሎ ዝጋውና ወደ ፓምፑ እንሄዳለን። ጠብ ጠብ ብቻ ካለ አግኝተነዋል።

ሸራና ነፋስ፦
ጠብ ጠብ ካለ የጎማ ጀልባህን መንፊያ የእግር ፓምፕ ከቱቦው ጋር ግጠምና ወደ ውጭ ንፋው፣ አረሙ ፑፍ ብሎ ይወጣል። እኔ ሦስቴ አድርጌዋለሁ። እምቢ ካለ ጠልቀህ በፒንሳ ጎትተው፣ ግን የሞተሩን ቁልፍ ነቅለህ ሚስትህ ኪስ ውስጥ አድርገው፣ በራስህም ላይ ገመድ እሰር፣ እዛ ሞገዱ ይጎትታል። እነዚህ አረሞች በፈረንጅ ከ2011 ወዲህ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይመጣሉ፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ድረስ ቢጫ ሜዳ ካየህ ዙርበት። ሚስትህን ስማ

ጣና ዳር፦
ኢምፔለሩንም ያየው ግን። ያለ ውሃ ሁለቴ አስነስቶታል፣ ጎማው ደርቆ ሲሽከረከር ክንፉ ይቆረጣል

ዘይትና ጨው፦
ጣና ዳር አሁን ልክ ነህ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያቱን ስለተናገርክ። ክዳኑን ክፈት፣ ክንፎቹን ቁጠር። የጎደለ ካለ ቁራጩ ሄዶ ሂት ኤክስቼንጀሩ (የባሕሩ ውሃ ኩላንቱን የሚያቀዘቅዝበት ዕቃ) መግቢያ ላይ ስለሚሰካ ፈልገህ አውጣው፣ አለዚያ አዲስ ብታስገባም ትንሽ ውሃ ብቻ ነው የሚወጣው። ስትመልሰው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀባው፣ ግራሶ እንዳትቀባው ጎማውን ይበላዋል። ጓርኒሲዮኑ፣ የክዳኑ ማሸጊያ ወረቀት፣ ከተቀደደ የኮርንፍሌክስ ካርቶን ቆርጠህ ለዛሬ ይሠራል።
አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ሲነሳ እምቢ ካለህ ስታርተሩን ደጋግመህ አታስጩኸው። ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑ እየገፋ ማርሚታውን ይሞላዋል፣ ሞልቶ ወደ ሲሊንደር ይመለሳል፣ ያኔ ነው እውነተኛው ለቅሶ። ደጋግመህ መሞከር ካለብህ ቫልቩን ዘግተህ ሞክር፣ ሲነሳ ወዲያው ክፈት።

ባለሸራው፦
ቱቦውን ነቀልኩት። ከፈትኩት። ጠብ ጠብ ነው የሚለው

ባለሸራው፦
የእግር ፓምፑን እያመጣሁ ነው ቆዩኝ

የምጽዋው፦
በርታ ልጄ። ቫልቩን ስትከፍት ስትዘጋ ብረቱ ዝጎ ከሆነ በጉልበት አታድርገው።

መርካቶ ጋራዥ፦
እኔ አሁንም ቴርሞስታቱን አይቼ ነበር የምተወው

ሸራና ነፋስ፦
ባለሸራው? ወጣ?

የምጽዋው፦
ነጋ። ልጄ ደህና አደራችሁ? ነፋሱ እንዴት ነው?

ዘይትና ጨው፦
ወደብ ልንገባ ነው፣ ኢንተርኔት ላይኖረኝ ይችላል። ውሃ መውጣቱን ብቻ ጻፍልን። ከወጣም በኋላ ማርሚታውንና ጎማ ቱቦውን በእጅህ ዳስሰው፣ የለሰለሰ ወይም የጠቆረ ካለ አትመነው

ጣና ዳር፦
ኢምፔለሩ ምን ሆኖ ተገኘ?

የባለሸራው ሚስት፦
ስንቅነሽ ይቅርታ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት፣ አራት ቀን ሆነው መሰለኝ። በጉዞ ላይ አይጋገርም፣ አንድ ጊዜ ሞክሬ ሊጡ ካርታው ላይ ነው የተጋገረው። መልህቅ ላይ ስንሆን ብቻ ነው። ጤፉን ከሜሪላንድ በሻንጣ ነው ያመጣሁት፣ ክዳን ያለው ባልዲ ግማሽ ብቻ እሞላለሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ሙቀቱ ወደ 30 ስለሚጠጋ ሁለት ቀን ሳይሞላው ፈልቶ ይገነፍላል፣ የአዲስ አበባን ሦስት ቀን እርሺው። ምጣድ የለም፣ የማይጣበቅ ሰፊ መጥበሻ ነው፣ ጋዙን በጣም ዝቅ አርገሽ፣ ዓይን ሲያወጣ ትከድኚዋለሽ። ስፋቱ የሕፃን እንጀራ ነው የሚያክለው ግን ቆንጆ ነው። ዛሬ ከሎብስተር ወጥ ጋር በላነው፣ በጀልባ እየዞሩ የሚሸጡት ልጆች አምጥተውልን

ስንቅነሽ ዱባይ፦
ሎብስተር ወጥ!! እኔ እዚህ ምስር ነው የምበላው። ግን እቴ ሞተሩስ???

ሸራና ነፋስ፦
እኔም እሱን ነው የምለው

ጣና ዳር፦
ኢምፔለር ነበር አይደል?