ቦክስተር ወይስ ኦክታቪያ አርኤስ ኮምቢ? ሁለቱም 220 ፈረስ ጉልበት ናቸው

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የ2001 ፖርሽ ቦክስተር 2.7 (986) እና የ2014 ስኮዳ ኦክታቪያ አርኤስ ኮምቢ (ሰፊ የዕቃ ቦታ ያለው የቤተሰብ መኪና)፣ የቤንዚኑን፣ እያወዳደርኩ ነው። መኪናው አንድ ብቻ ይሆናል፣ በየቀኑ ይነዳል፣ ሕፃን ልጅም አለ። ጉልበታቸው እኩል ከሆነ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ስገዛስ ምን ልይ?

መልስ 1
ወንድሜ፣ የፈረስ ጉልበቱን እርሳውና ቶርኩን፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞርበትን ኃይል፣ ተመልከት። ቦክስተሩ 260 ኒውተን ሜትሩን የሚያወጣው 4,750 ዙር ላይ ነው፤ ኦክታቪያው 350ውን ከ1,500 ጀምሮ ይሰጥሃል። ዕቃና ሰው ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ቦክስተሩ ወደ 1,260 ኪሎ ብቻ ይመዝናል፣ ሞተሩም መሃል ላይ ነው። ኩርባ ላይ መሪው የሚነግርህን ነገር ፊት ጎማ የሚጎትተው ኦክታቪያ ሊነግርህ አይችልም።

ግን ልጅ አለ ብለሃል። ቦክስተሩ ባለ ሁለት ወንበር ነው። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን መቀመጫ ደግሞ ኤርባጉ ሳይጠፋ ፊት ላይ አይታሰርም፣ ልጁን ይገድላል። የዕቃ ቦታው ከፊትም ከኋላም ተደምሮ 260 ሊትር ነው፤ የኦክታቪያው 610። አንድ መኪና ብቻ ከሆነ ኦክታቪያውን ውሰድ።

መልስ 2
በመልስ 1 እስማማለሁ። ልብህ ቦክስተሩ ላይ ከቀረ ግን መጀመሪያ የሚታየው የኢንተርሚዲየት ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያሠሩትን ሰንሰለቶች የሚያዞረው ዘንግ) ኩሽኔታ ነው። የ2001ዱ ብዙውን ጊዜ ባለ አንድ ረድፍ ኳስ ነው፣ ከቀደመው ባለ ሁለት ረድፍ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። ሲፈርስ ሰንሰለቱ ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩ ያልቅለታል። የዘይት ፊልትሮውን አስፈትተህ ወረቀቱን ዘርጋና ማግኔት አስጠጋ፤ ማግኔት የሚይዘው ብናኝ ካለ አትግዛ። ቡናማ ፕላስቲክ ካየህ ከሰንሰለቱ መምሪያ የተላጠ ነው። ኩሽኔታው የሚቀየረው ካምቢዮው ወርዶ ስለሆነ ከፍሪሲዮን ጋር አንድ ላይ አሠራው።

ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ጭስ ቢያወጣ አትደንግጥ፣ ፒስተኖቹ ወደ ጎን የተኙበት ሞተር ስለሆነ ነው። ጭሱ ደመና ሆኖ ካልቆመና ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን መክፈት እንደተመጠጠ ከከበደህ ግን ዘይትና አየር የሚለየው ክፍል ተቀዷል።

የሸራ ጣሪያውን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎችም እይ። ቅጠል ሲደፍናቸው ውሃው ወደ ውስጥ ገብቶ ወንበር ሥር ያለውን የቁልፍ ኮምፒውተር ያቃጥለዋል፣ መኪናው አይነሳም። ፊት ባለው ፓራውልት ውስጥ ያሉት ሁለት ራዲያተሮችም ቅጠል ያጠራቅማሉ፤ እርጥበቱ የኤሲውን ኮንደንሰር ይበላዋል።

መልስ 3
ኦክታቪያውም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የውሃ ፓምፑና የቴርሞስታቱ ቤት ፕላስቲክ ስለሆነ ያፈሳል፤ ሞተሩ ላይ የደረቀ ሮዝ ቅሪትና የኩላንት ሽታ ፈልግ። ዲኤስጂ (ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ) ካምቢዮ ካለው ዘይቱና ፊልትሮው በየ60,000 ኪሎ ሜትር መቀየሩን በደረሰኝ አረጋግጥ። ካልተቀየረ ቀስ ብለህ ስትነሳ ይንቀጠቀጣል።

ሁለቱም ላይ የጎማውን ቀን አንብብ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ብዙ የቆመ ቦክስተር ጥርሱ አዲስ መስሎ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ ይዞ ይገኛል። የፊትና የኋላው ስፋት ስለሚለያይም ማቀያየር አትችልም።