ኮዱን ሳይነኩ ማሰራጨትም የጂፒኤል (የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ) ጥሰት ነው? የኤምፒኤኤ «ዩኒቨርሲቲ ቱልኪት» ጉዳይ

ጣና_ሰርቨር
ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ፊልም አምራቾች ማኅበር (ኤምፒኤኤ) እ.ኤ.አ. በ2007 «ዩኒቨርሲቲ ቱልኪት» የሚባል ሶፍትዌር ለዩኒቨርሲቲዎች አቅርቦ ነበር። ተማሪዎች ፊልምና ሙዚቃ በፋይል መጋሪያ ሲለዋወጡ በካምፓሱ ኔትወርክ ላይ ለመከታተል የተዘጋጀ ነው። መሠረቱ ዙቡንቱ (ከኡቡንቱ የወጣ የሊኑክስ ሲስተም) ሲሆን ስኖርትና ኤንቶፕ የተባሉ የኔትወርክ መከታተያ ፕሮግራሞች ተጭነውበታል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የኡቡንቱ አልሚ የሆነው ማቲው ጋሬት «ሶርስ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ምንጭ ጽሑፍ) አልቀረበም» ብሎ ከኢንተርኔት አስነሳው። ያልገባኝ ይህ ነው፦ ዙቡንቱ ለማንም በነፃ ይወርዳል፣ ሶርሱም ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል። ታዲያ ማኅበሩ የጣሰው ምኑን ነው? ሊኑክስ አስተካክሎ በፍላሽ የሚያድል ሰውስ ምን ማድረግ አለበት?

ደብተራ_ኮድ
የጣሰው ዙቡንቱ ውስጥ ያሉ ብዙ ፕሮግራሞች የሚሰራጩበትን የጂፒኤል ስሪት 2 ክፍል 3ን ነው። ግዴታው የሚመጣው ኮዱን ስትቀይር ሳይሆን ባይነሪውን (ኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚያስኬደውን ፋይል) ለሌላ ሰው ስትሰጥ ነው፤ አንዲት መስመር ባትነካም ያው ነው። ከሦስት አንዱን ትመርጣለህ። ሶርሱን አብረህ ትሰጣለህ፤ ወይም ቢያንስ 3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል ትገባለህ፣ ለጠየቀህ ለማንም ሶርሱን እንደምትሰጥ፣ ከማባዣና ከመላኪያ ወጪ በላይ ሳታስከፍል፤ ወይም አንተ ራስህ የተቀበልከውን እንዲህ ያለ ቃል ታስተላልፋለህ። ሦስተኛው ለንግድ ላልሆነ ሥርጭት ብቻ ነው፣ ያውም ባይነሪው ከነቃሉ ከደረሰህ።

«ኡቡንቱ ጋ አለ» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል። ስሪት 2 በኢንተርኔት ለሚያሰራጭ የሚፈቅደው ሶርሱን ባይነሪው ከሚወርድበት ከዚያው ቦታ እንዲያቀርብ ነው። ምክንያቱም ተጨባጭ ነው፦ ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ ፕሮግራም) ይታደሳል፣ አሮጌው ከሰርቨር ይነሳል፣ ከዓመት በኋላ በእጅህ ላለው ባይነሪ የሚገጥም ሶርስ ታጣለህ። ደግሞም ግዴታው መገንቢያና መጫኛ ስክሪፕቶችንም ይጨምራል።

ክፍል 4 ደግሞ ከባዱ ነው። ደንቡን ስትጥስ ፈቃድህ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በራሱ ይቋረጣል፤ ከዚያ ወዲያ የምታሰራጨው እያንዳንዱ ኮፒ የቅጂ መብት ጥሰት ነው። ሌላውን በቅጂ መብት የሚከስ ማኅበር ይህን አንቀጽ ሳያነብ መቅረቱ በእኔ እምነት ይቅርታ የለውም።

ፊደል_ቢት
ከኢንተርኔት ስለ ማስነሳቱ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጋሬት በመጀመሪያ ማኅበሩን አነጋግሮ ነበር፤ መፍትሔ ሲያጣ ነው ወደ ኢንተርኔት አቅራቢያቸው የሄደው፣ በዲኤምሲኤ (በአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ) ክፍል 512 መሠረት የማስነሻ ማስታወቂያ ይዞ። ይህን ማስታወቂያ መላክ የሚችለው የመብቱ ባለቤት ወይም ወኪሉ ብቻ ነው። «ሶርስ ጠይቄ ተከለከልኩ» የሚል ተራ ተጠቃሚ አይችልም፤ ያለው አማራጭ ለኮዱ ባለቤት መጠቆም ነው።

ማስታወቂያው ፊርማ፣ የተጣሰው ሥራ፣ ፋይሉ ያለበት ትክክለኛ አድራሻ፣ የላኪው መገኛ፣ የቅን ልቦና መግለጫ፣ በመጨረሻም መረጃው ትክክል ስለመሆኑና ላኪው ሥልጣን ስላለው የሚሰጥ ቃል ይኖረዋል። በሥልጣኑ ላይ የዋሸ በሐሰት ምስክርነት ይጠየቃል። አቅራቢው ፋይሉን ከኢንተርኔት ያነሳል። ፋይሉን ያስቀመጠው ሰው ተቃውሞ ካቀረበና የማስታወቂያው ላኪ ክስ ካልመሠረተ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀናት ባለው ጊዜ ይመልሰዋል።

ሰሌዳ_ሩት
ፍላሽ ለምታድሉት ወደ ሥራው ልግባ። አይኤስኦውን (ፍላሽ ላይ የሚጻፈውን የሲስተሙን ሙሉ ፋይል) በምትገነቡበት ዕለት የፓኬጆቹን ዝርዝር ከዲፒኬጂ (የተጫኑትን ከሚመዘግበው መሣሪያ) አውጡ፣ ግን የባይነሪውን ስም ሳይሆን የሶርሱን ስምና የስሪት ቁጥር። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም፤ ከአንድ ሶርስ አሥር ባይነሪ ሊወጣ ይችላል። ቀጥሎ ሶርሱን በአፕት (በፓኬጅ ማውረጃው ትእዛዝ) ስታወርዱ የስሪቱን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ። ስሙን ብቻ ከሰጣችሁት አዲሱን ያመጣላችኋል፣ በአይኤስኦው ውስጥ ካለው ጋር አይገጥምም። በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። የሶርስ ማከማቻዎቹም በአፕት ዝርዝር ውስጥ መከፈታቸውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ለየፓኬጁ የዋናውን ኮድ ታርቦል (የታሸገ ፋይል)፣ የዴቢያኑን (የኡቡንቱ መሠረት የሆነው ሊኑክስ) ማስተካከያና የመግለጫውን ፋይል ሳትነጣጥሉ አስቀምጡ። ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) አትርሱ። የራሳችሁን የአይኤስኦ መገንቢያ ስክሪፕትም ጨምሩ። ሁሉም ከአይኤስኦው ጎን፣ በዚያው ገጽ ላይ ይቀመጥ። የሶርሱ መጠን ከአይኤስኦው ሊበልጥ ስለሚችል ቦታ ቀድማችሁ ያዙ። በእጅ ለእጅ የምታድሉ ከሆነ ሁለተኛ ፍላሽ ከ3 ዓመት ቃል በጣም ይቀላል፦ ሰጥታችሁ ትጨርሳላችሁ።

ጣና_ሰርቨር
አመሰግናለሁ፣ ግልጽ ሆነልኝ። ስሪት 3 ላይም «ከዚያው ቦታ» ይላል?

ደብተራ_ኮድ
አይ፣ እዚያ ላላ ብሏል። እ.ኤ.አ. በጁን 2007 የወጣው ስሪት 3፣ በክፍል 6 ሶርሱ ሌላ ሰርቨር ላይ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ ግን ከባይነሪው አጠገብ ጠቋሚ አድራሻ ይኑር፣ ሰርቨሩ ከተዘጋም ተጠያቂው አንተ ነህ። ክፍል 8 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጣሰ፣ ማስታወቂያ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከለ ፈቃዱን ይመልስለታል። ሊኑክስ ከርነል ግን በስሪት 2 ብቻ ስለሆነ፣ ሙሉ ዲስትሮ (ከርነሉን ከነፕሮግራሞቹ የያዘ ሲስተም) የሚያሰራጭ ሰው በጥብቁ ደንብ ይሂድ።