ኤችፒ 123 የፕሪንተር ካርትሪጅ ቀለም እያለው ነጭ መስመር ይተዋል፤ እቤት ታጥቦ ይድናል?

መምህርት ዘጣና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። የተማሪዎቼን መልመጃ የማትመው እቤት ባለችኝ ኤችፒ ዴስክጄት 2130 ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳትነካ ከርማ መስከረም ላይ ስከፍታት ጥቁሩ ነጭ መስመር እየተወ ያትማል። መስመሩ በፊደሉ ወገብ ሲያልፍ የ«ቡ»ን ቅጥያ ይበላና «በ» ያደርጋታል፤ ፊደል ለሚቆጥር ልጅ ይህን እንዴት ልስጠው? አንድ ሱቅ አስሞላሁት፤ ጥቂት ገጽ አትሞ ያው ሆነ። አዲስ መግዛት ለደመወዜ ከባድ ነው። ሲሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ገዝቻለሁ፤ የት እንደምወጋው ግን አላወቅሁም።

አሮጌ ማተሚያ፦
መምህርት፣ ሲሪንጁን ለጊዜው ያስቀምጡት። ካርትሪጅዎ የተዘጋው ጉሮሮው ነው፤ ሱቁ የሞላው ሆዱን ነው።

በዚህ ዓይነት ካርትሪጅ ቀለም የሚተፉት ቀዳዳዎች ከራሱ ከካርትሪጁ ሥር ባለች ቀጭን ሳህን ላይ ናቸው፤ ከፀጉር ይቀጥናሉ። ከእያንዳንዱ ጀርባ አንዲት ማሞቂያ አለች፤ ቀለሙን በቅጽበት አፍልታ በአረፋ ገፍታ ታስወጣዋለች። ቀለም ሳይደርሳት ከሠራች ትቃጠላለች። ባዶውን እየነቀነቁ «ገና ትንሽ አለው» የሚሉ ሰዎች ካርትሪጁን የሚገድሉት እንዲህ ነው።

የተጣራ ውሃ ለብ አድርገው ስኒ ማስቀመጫ ላይ ሥሩን ብቻ የሚነካ ያህል ያፍሱ፤ የቧንቧ ውሃ ጨው ስላለው አይሁን። ነዳጅ ማደያ ከገዙም የባትሪ አሲድ እንዳይሰጡዎት ይጠይቁ። ዐሥር ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ከዚያ በታጠፈ ሶፍት ላይ ቀጥ አድርገው ይጫኑት፤ አይፈትጉት። ያልተቆራረጠ ጥቁር ማኅተም እስኪያሳርፍ ይደጋግሙ። ካርትሪጁን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኙትን መዳብ መሰል ነጥቦች አልኮል በነካው ጥጥ ጠርገው ሳይደርቁ አይመልሱት።

የማኅተሙን ነገር ልብ ይበሉ፦ ማኅተሙ ራሱ ከጎደለ ገና ተዘግቷል፤ ማኅተሙ ሙሉ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ነጩ መስመር ከቀረ ማሞቂያው ተቃጥሏል። ያኔ ለቀለም ብር አያውጡ።

ሰማያዊ ጠርሙስ፦
ኤፕሰን ያላችሁ ግን ይህን አትከተሉ። እዚያ ቀዳዳዎቹ ከማሽኑ ጋር ናቸው፤ ካርትሪጁን ብትዘፈዝፉት ቀለሙን ከማበላሸት በቀር ምንም አታገኙም። ሌላው ደግሞ መብራት ነው። በማተም ላይ ሳለ ሲጠፋ ካርትሪጁ ወደ ክዳኑ ሳይመለስ ሜዳ ላይ ይቀራል፤ የሚደርቀው በዚህ ነው። መብራት ሲመጣ ማሽኑን ከፍታችሁ በራሱ ቁልፍ አጥፉት፤ ያኔ ቦታው ይመለሳል። ከሶኬት መንቀል አይበጅም።

መምህርት ዘጣና፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ከብዙ መጫን በኋላ ማኅተሙ ሙሉ ወጣ፤ ወረቀቱም ጸዳ! «ቡ» ቅጥያዋን አገኘች። አሁን ስሞላው የት ልውጋ? ኮምፒውተሩም «ያገለገለ ካርትሪጅ» ይለኛል።

አሮጌ ማተሚያ፦
እንኳን ደስ ያለዎት። «እሺ» ብለው ይለፉት፤ ማሽኑ ካርትሪጁን ስለሚያስታውሰው ቀለም ቢሞላም ባዶ ብሎ ያሳያል።

ከላይ ያለውን ወረቀት ቀስ ብለው ሲልጡ ቀዳዳው ይታያል። መርፌውን ወደ ስፖንጁ አስገብተው ጠብ ጠብ እያደረጉ ይሙሉ፤ ቀለሙ ቀዳዳው አፍ ላይ ሲታይ ያቁሙና ትንሽ መልሰው ይሳቡ። ወረቀቱን ሲመልሱ አየር እንዲገባ ያድርጉ፤ በፕላስተር ከጠረቀሙት ቀለሙ አይወርድም። ለጥቁሩ «ፒግመንት» የተባለውን ይግዙ፤ ባለሦስት ቀለሙ ግን «ዳይ» ነው፤ ቢያቀያይሩ መልሶ ይዘጋብዎታል። ባለሦስቱን ከመሙላትዎ በፊት በየቀዳዳው ስቴኪኒ ነክረው የትኛው ቢጫ፣ የትኛው ሰማያዊ እንደሆነ ይዩ፤ ሱቅ የሚነግርዎትን አይመኑ። ጋዜጣ ያንጥፉ፤ የጥቁሩ ቀለም ከልብስ አይለቅም።