ቪክቶሪያ በርግስማን ከኮንክሪትስ ወጥታ ምን አገኘች?

የፉጨቱ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። በፉጨት የሚጀምረውን የፒተር ቢዮርን ኤንድ ጆን «ያንግ ፎክስ» ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እዚያ ላይ ከወንዱ ጋር እየተቀባበለች የምትዘፍነው ቪክቶሪያ በርግስማን ናት። የዚያ ባንድ አባል ግን አልነበረችም። የኮንክሪትስ ድምፃዊት ነበረች፤ ያውም ከመሥራቾቹ አንዷ። ዘፈኑ በወጣበት በ2006 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ባንዷን ለቀቀች።

ያልገባኝ ይሄ ነው። ሰው እንዴት ስሙ መነሣት በጀመረበት ሰዓት የገዛ ባንዱን ጥሎ ይወጣል? ከዚያ በኋላ «ቴክን ባይ ትሪስ» በሚል ስም የሠራቻቸውን አልበሞች እዚህም እዚያም ሰምቻለሁ፣ ግን አንድ ሰው የሠራቸው አይመስሉም። አንዱ ዝምታ የበዛበት ነው፣ አንዱ ላይ የፓኪስታን ከበሮ አለ። ወጥቶላታል ትላላችሁ? እኔስ በደንብ ልስማት ብል ከየት ልጀምር?

ሳይድ ቢ

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ አነሣህ። የሰው ልብ ውስጥ ገብቼ ለምን እንደወጣች አልነግርህም። ጆሮ የሚነግረኝን ልበል። እኔ ራሴ ቤዝ ስለምጫወት ድምፃዊት ስትወጣ መጀመሪያ የማዳምጠው ከኋላዋ ያለውን ነው።

ኮንክሪትስ በ1995 ስቶክሆልም ውስጥ ሲጀመር ሦስት ሴቶች ነበሩ፦ ቪክቶሪያ፣ ከበሮ የምትመታው ሊሳ ሚልበሪ እና ጊታሪስቷ ማሪያ ኤሪክሰን። እየቆየ ሰው ተጨመረበትና ስምንት ሆኑ። ጡሩንባው፣ ኪቦርዱ፣ ማንዶሊኑ፣ ሁሉም አለ። በ2003 በባንዱ ስም የወጣውን አልበም ስማው። የስልሳዎቹ የአሜሪካ የሴት ቡድኖች ፍቅር በግልጽ ይሰማል። አንዱ ዘፈን ርዕሱ ራሱ በሱፕሪምሷ ድምፃዊት ስም «ዳያና ሮስ» ነው። ሌላው የዚያ የሴት ቡድን፣ የሱፕሪምስን የታወቀ ዘፈን ርዕስ ይዞ ሙዚቃው ግን የራሳቸው ነው። እንደዚያ ዓይነት ድፍረት ደስ ይለኛል።

አሁን ድምፅዋን አስብ። ቪክቶሪያ ጮክ ብላ የምትዘፍን ሰው አይደለችም። ዜማውን ከፍ አታደርገውም፣ አታስጌጠውም። ግማሽ እንቅልፍ ላይ እንዳለ ሰው ቀስ ብላ ትናገረዋለች። ስምንት ሰው ከኋላዋ ሲነሣ ያ ድምፅ መሀል ላይ ረጋ ብሎ ይቀመጣል፣ የባንዱ ውበትም እሱ ነበር። ግን እንዲህ ዓይነት ድምፅ ቦታ ይፈልጋል። ስምንት ሰው ባለበት ባንድ ደግሞ ቦታ በስምምነት ነው የሚገኘው። ጡሩንባ ነፊው አራት ባር ዝም በል ቢባል ደስ አይለውም። ይህን ከራሴ ልምድ ነው የምለው፤ ልምምድ ክፍል ውስጥ ትልቁ ጠብ ሁልጊዜ ማን ይጫወት የሚል ሳይሆን ማን ይተው የሚል ነው።

በ2007 የቴክን ባይ ትሪስ አልበም «ኦፕን ፊልድ» ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ቢዮርን ይትሊንግ ነው፣ የፒተር ቢዮርን ኤንድ ጆኑ ቢዮርን። ያ አልበም ላይ የተደረገው ዋና ነገር መቀነስ ነው። ፒያኖው ትንሽ ይነካና ይተዋል። ጊታሩ ከሩቅ ነው። ድምፅዋ በመጨረሻ ከፊት መጣ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ግማሽ ላይ እኔን ያስተኛኛል፤ አንድ ሁለት ዘፈን ላይ ያ ጡሩንባ ነፊ ይናፍቀኛል። ቢሆንም ለምን እንደወጣች ልትገምት ከፈለግህ ከዚህ አልበም የተሻለ መልስ የለም።

የሚገርመው ግን በራሷ ስም አልወጣችም። ሽፋኑ ላይ «ቪክቶሪያ በርግስማን» የሚል ቢጻፍ ኖሮ ያንግ ፎክስን የወደደ ሁሉ ፈልጎ ያገኛት ነበር። እሷ አዲስ የባንድ ስም የሚመስል ነገር መረጠች። ስለዚህ ዕጣዋ ልዩ ሆነ። ብዙ ሰው የሰማው ድምፅዋ የሌላ ባንድ ዘፈን ላይ ነው። ለብቻዋ ከሠራቻቸው ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ የታወቀላት ከገንዝ ኤን ሮዝስ ባንድ ወስዳ በራሷ መንገድ የዘፈነችው ዘፈን (ካቨር) ነው፤ እሱም በ2009 ጆን ሉዊስ የሚባለው ትልቅ መደብር ለገና ማስታወቂያው ስለተጠቀመበት። ከወጣች በኋላ የሠራቻቸው የራሷ ዘፈኖች በሁለቱ መሀል ተደብቀው ቀሩ።

ካርዲጋን ለባሽ

@ሳይድ ቢ በስሙ ጉዳይ እስማማለሁ፣ ግን ልዩ ዕጣ ያልከው ላይ አልስማማም። ስዊድኖቹ ይህን ነገር ይወዱታል። የካርዲጋንስ ባንድ ድምፃዊት ኒና ፐርሶንን እይ። ካርዲጋንስ በ1992 ዮንሾፒንግ ተመሠረተ፤ ዜማዎቹን በዋናነት የሚሠራው ጊታሪስቱ ፒተር ስቬንሶን ነበር። «ላቭፉል» የሚለው ዘፈናቸው ዓለምን ከዞረ በኋላ ኒና የራሷን ነገር ፈለገች። በ2001 ያወጣችው አልበም ስሙ «ኤ ካምፕ» ነው፣ የፕሮጀክቱም ስም እሱው። ፕሮዲውሰሩ ስፓርክልሆርስ የሚባለው ባንድ ማርክ ሊንከስ ነበር። በራሷ ሙሉ ስም አልበም ያወጣችው በ2014 ነው! ካሪን ድራየርም ናይፍ ከሚባለው ባንዷ ጎን በ2009 ለብቻዋ ስትመጣ ፊቨር ሬይ በሚል ስም ነው።

ልዩነቱ ኒና በሩን አልዘጋችም። ኤ ካምፕን ሠርታ ተመለሰች፣ ካርዲጋንስም በ2003 እና በ2005 ሁለት አልበም አወጣ። ለእኔ የ2003ቱ ከሁሉም ይበልጣል፤ ውጭ ቆይታ የመጣች ሴት ድምፅ ይሰማበታል። ቪክቶሪያ ወጣች፣ በቃ።

ከበሮዬን መልሱ

ኧረ ሁላችሁም ስለወጣችው ብቻ! የቀሩትስ? ቪክቶሪያ ስትሄድ ኮንክሪትስ ሌላ ድምፃዊት ፍለጋ አልዞረም። ከበሮ መቺዋ ሊሳ ሚልበሪ ማይኩን ያዘችና በ2007 «ሄይ ትራብል» ወጣ። በ2010 ደግሞ ወደ ዲስኮ የሚያደላ ሌላ አልበም። ከኦፕን ፊልድ ጋር አንድ ዓመት ላይ የወጣውን ሄይ ትራብልን ጎን ለጎን ስሙት። የትኛው እንደሚያነቃቃችሁ እናያለን። እኔ ምርጫዬ ግልጽ ነው። ያ «ቦታ መስጠት» የምትሉት ነገር ሲበዛ ባዶ ክፍል ይሆናል።

የፉጨቱ ልጅ

ሄይ ትራብልን ጭራሽ አላውቀውም ነበር፣ አመሰግናለሁ። @ሳይድ ቢ የፓኪስታኑንስ ዘለልከው እኮ! እሱ ላይ ምን ትላለህ?

ሳይድ ቢ

አልዘለልኩትም፣ ለብቻው ሊመጣ ነው። «ኢስት ኦፍ ኤደን» በ2009 ወጣ። ከአንድሪያስ ሶደርስትሮም ጋር ፓኪስታን ሄዳ ከአገሩ ሙዚቀኞች ጋር የቀረጸችው ነው። ዘጠኝ ዘፈን ብቻ፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ። ወጥቶላታል ወይ ያልከኝ እዚህ ላይ ይመለስልሃል። እንደገና ሰው በሰው ሆናለች! ከበሮ አለ፣ ዋሽንት አለ፣ ጭብጨባ አለ፤ «አና» የሚለው ላይ የአኒማል ኮሌክቲቩ ኖኣ ሌኖክስ ያጅባታል። የዚያኑ ባንድ «ማይ ገርልስ» ደግሞ «ማይ ቦይስ» ብላ ገልብጣዋለች። ግን ድምፅዋን ማንም አይሸፍነውም። ኮንክሪትስ ውስጥ ከሰባት ሰው ጋር ስትስማማ ኖራ፣ አሁን ክፍሉ ውስጥ ማን እንደሚገባ የምትመርጠው እሷ ናት። በ2012 በ«አዘር ወርልድስ» ሃዋይን ይዛ መጣች፣ ያም ሌላ ሰፈር ነው። ለእኔ ትንሽ ለሰለሰብኝ።

ሰዎች ፓኪስታን ሄዶ የራስን ዜማ በሌላ ሰው ሙዚቃ ማስዋብ ነው ብለው ይነቅፉታል። ሊሆን ይችላል። ግን እዚያ አልበም ላይ ያለውን «ዋፓስ ካርና» የሚለውን ዘፈን ስማ፤ እዚያ የአገሩ ድምፅ ለጌጥ የተጨመረ አይመስልም።

ቅደም ተከተሉን ከጠየቅከኝ ከኢስት ኦፍ ኤደን ጀምር። ከዚያ የ2003ቱን የኮንክሪትስ አልበም። ኦፕን ፊልድን መጨረሻ ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ማታ ማታ። ከበሮዬን መልሱ ያለውን አትስማው።

ከበሮዬን መልሱ

መጀመሪያ ሄይ ትራብል! ከዚያ የፈለግከውን።